አሳማው፣ ላሟ እና እግሬ

ሌላው ሰው እግሩን ይልከዋል፤ እኔን ግን እግሬ ነው የሚልከኝ። ዶርዜ ተወልጄ፣ አባቴና ወንድሜ የሸመኑትን በጀርባዬ አዝዬ ከገበያ ገበያ ስዞር ነው ያረጀሁት። ጨንቻ ውዬ፣ መንገድ ላይ ያገኘኋት ሴት ቤት አድሬ፣ በማግስቱ ቁልቁል አርባ ምንጭ እገባለሁ። ጌታ ጋ የሄደው ባሌ “ሚስት አገባሁ ብዬ መንገድ አገባሁ” እያለ ለሰው ያማኝ ነበር። ሐሜትም አይባል፣ እውነቱን ነው።

ትምህርት ቤት የገባሁት ልጆቼን ላስመዘግብ ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከመዝሙር ደብተር ላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ መሀል ላይ ማዜም ቢጀምር አትፍረዱብኝ።

ደጋ ያደገ ሰው አንገቱ ላይ እንቅርት ቢያበቅል በእኛ ዘመን ማንንም አይገርምም ነበር። የእኔዋ ከእኔ ጋር ገበያ ትወጣለች፣ ከእኔ ጋር ትገባለች። ደንበኞቼ ዋጋ ሲከራከሩኝ ዓይን ዓይኔን ሳይሆን እሷን እያዩ ነበር። በነጠላ ስሸፍናት ደግሞ “የለበሽውን ሽጪልኝ” የሚል ሰው አይጠፋም። እያደር አድጋ አድጋ ቆጮ መዋጥ ስትከለክለኝ ልጄ ሆስፒታል ወሰደችኝና ተቆርጣ ወጣች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ደግፍ የመጣው ግን እንቅርቱ ከሄደ በኋላ ነው። ያቺ የጣሏት ሥጋ ለካ ሥራ ነበራት። ሰውነት የሚሞቀው፣ እግር የሚነሳው፣ ሆድ የሚፈጨው በእሷ ኖሯል። አሁን በእሷ ፈንታ ምስር የምታህል ኪኒን በየጧቱ እንድውጥ ታዘዘልኝ።

“እስከ መቼ?” አልኩት ሐኪሙን።

“ዕድሜ ልክዎን።”

ፍርድ ቤት የቆምኩ መሰለኝ።

ኪኒኗ ርካሽ ናት። መድኃኒት ቤቱ በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠኝ እንደ ከረሜላ ነው የሚወረውርልኝ። እኔም እንደ ከረሜላ ነበር የያዝኳት። በእኛ ቤት ጧት ሀይታ ቱኬ ሳይጠጣ አፍ አይፈታም። የቡና ቅጠል ነው፤ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር ተወቅጦ ይፈላል፣ እኛ ቤት ወተትም ይጨመርበታል። ጎረቤት ይጠራራል፣ የሌሊቱ ሕልም ይወራል፣ የሌለው ሰው ይታማል፤ ቀኑ የሚከፈተው እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ወደ አፍ የሚገባ ነገር ነውር ነው። እኔም ኪኒኗን ምላሴ ላይ አስቀምጬ በመጀመሪያው ፉት ሽቅብ ቀና ብዬ አወርዳታለሁ። አንድም ቀን አልረሳሁም፤ ለዚህም እኮራ ነበር።

ግን እግሬ ሞተ። ሌላ ቃል የለኝም። አሁን ከልጄ ጋር በምኖርበት የአርባ ምንጭ ቆላው ሰፈር፣ ሲቀላ ላይ፣ ዶሮ እንኳ ጥላ ፍለጋ አፏን ከፍታ በምትሄድበት ቀትር፣ እኔ ቡልኮ ለብሼ ደጅ እቀመጥ ነበር። ቡልኮ ማለት ወንድሜ ለደጋ ብርድ የሚሸምነው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የጥጥ ብርድ ልብስ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ፍጥነት ቀንሰው ያዩኛል። አንዱማ “እማማ፣ ከስር ምን ደብቀው ነው?” አለኝ። ቅንድቤ ሳሳ፣ ድምፄ እንደ ጫሞ አዞ ጎረነነ። ቤተ ክርስቲያን ስብከት ገና ሲጀመር እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቴን ደፍቼ ያየኝ ፓስተራችን “እንደዚች እናት በመንፈስ የሚሰማ ያብዛልን” ብሎ ሕዝቡን አስባረከኝ። አሜን ሲሉ ነው የነቃሁት።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው ወንድሜ ነው። ወንድሜ ታላቄ ነው፤ አሁን ከሸማኔ ጉድጓዱ ወጥቶ በሩ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ቆላ ደግሞ ድሮም አይወርድም፤ “ወባ እንግዳ ትወዳለች” ይላል። እንግዲህ እኔ ካልወጣሁ አንገናኝም ማለት ነው። በየስልኩ “መስቀል ደርሷል፣ ትመጫለሽ?” ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ከቤታችን እስከ ኩልፎ ድልድይ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቁጭ እላለሁ። አንድ መስቀል አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሆስፒታል ሄድን፤ መጠኑን ጨመሩልኝ። ኪኒኗ ጨመረች፣ እኔ ቀነስኩ።

በዚህ መሀል የአማቼ እህት፣ የልጄ ባል ታናሽ፣ ለሠርግ ከውጭ አገር መጣች። እሷም እንደ እኔ አንገቷን የታመመች ናት። ልጄ ከጫሞ የወጣ አሳ ጠብሳ ምሳ ጋበዘቻት፤ ጎረቤታችንም ነበረች። ይህች ጎረቤቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። በወጣትነቷ ከጎጃም ተመድባ መጥታ እዚሁ ቀረች፤ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ይላታል፣ እኔም። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። በሃይማኖት እንጣላለን፣ በበርበሬ እንበዳደራለን። አማርኛዬን ደግሞ ሳልጠይቃት ታርምልኛለች።

እንግዳዋ ከቦርሳዋ ትንሽ ነጭ ብልቃጥ አወጣች።

“እማማ፣ ያንን የፋብሪካ ኪኒን ይተዉት። እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። ይሄ ተፈጥሯዊ ነው።”

“አዞም ተፈጥሯዊ ነው” አለች ቲቸር፣ አሳዋን እየለቀመች።

“ከምን ተፈጥሮ ነው?” አልኩ እኔ።

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። ልጄን አየች፣ ልጄ ጣራውን አየች።

“ከአሳማ” አለች። “የአሳማ እንቅርት ነው። ያደርቁታል፣ ይፈጩታል፣ ኪኒን ያደርጉታል።”

“ቋንጣ ነዋ!” አልኩ።

ቲቸር አማተበችና አሳውን ወደ ሳህኑ መለሰችው፤ ምስኪኑ አሳ ምን እንዳጠፋ አላውቅም። “ከዛሬ ጀምሮ” አለችኝ፣ “ከአንቺ ጋር በአንድ ጣሳ ውሃ የጠጣሁ እንደሆነ...” ስለቷን ሳትጨርስ እጇን ልትታጠብ ተነሳች።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ያስገረመኝ። የእኔን ቆርጠው ጣሉት፤ አሁን የአሳማውን በብር ግዢ ይሉኛል። ማንም ሳይጠይቀኝ የአንገት ለውጥ ተደርጓል፣ ያውም በኪሳራ። ይዋጣል ወይስ አይዋጥም ብዬ አንድ ሌሊት አሰብኩ። ፓስተራችን አንድ ጊዜ ከሰማይ ስለ ወረደው ትልቅ ጨርቅ ሰብኮ ነበር፤ እንስሳው ሁሉ፣ ርኩሱም ንጹሑም፣ ተጭኖበት የወረደው። ጨርቅ ነጋዴ ስለሆንኩ ያንን ስብከት ሳልተኛ ነው የሰማሁት። ያን ሁሉ እንስሳ ችሎ ያልተቀደደ ጨርቅ የት ተሸመነ? በዶርዜ እጅ ካልሆነ አይሆንም። እንግዲያው በእኛ ጨርቅ የወረደ አሳማ ይብቃኝ አልኩና ወሰንኩ።

ልጅቷ ስትሄድ ብልቃጡን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። “ጎህ ሲቀድ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ምንም እንዳይቀምሱ። ውድ ነው፤ እንዳይባክን።” ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ውድ ነገር ወግ እንዳለው አውቃለሁ። አማቼ ለሠርጉ የገዛውን ጫማ ጭቃ እንዳይነካው በላስቲክ አድርጎ ነው እስከ ደጁ የሚወስደው።

ስለዚህ የአሳማውን ኪኒን እንደ ቅዱስ ነገር ያዝኩት። ሰው ሳይነሳ እነሳለሁ፣ አፌን እጉመጠመጣለሁ፣ ብርጭቆ አጥቤ ውሃ እቀዳለሁ፣ እውጣለሁ፤ ከዚያ እጄን አጣምሬ እንደ ለቅሶ ቤት እቀመጣለሁ። ሀይታ ቱኬው ሲፈላ ሽታው ይመጣል፤ ጎረቤቶቹ “ነይ እንጂ” ይላሉ። “ሰዓቱ አልደረሰም” እላለሁ። በዚያ ውድ ነገር ላይ ቅጠልና ሚጥሚጣ መድፋት ብክነት መሰለኝ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ላብ የናፈቀው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቡልኮውን ገፍፌ ተነሳሁ። ኩልፎ ደረስኩ፤ ሙዝ የሚጭኑት ጋሪዎች ጋ ቆሜ ተሳደብኩ፣ ስድብ መልሰውልኝ በደስታ ተመለስኩ። በሳምንቱ ልጄ ቤት አጥታኝ ስትፈልግ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ላይ ነው ያገኘችኝ። ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ፣ የማላውቃት ሴት በር ላይ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር።

“እማ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“አላውቅም። እግሬን ጠይቂው።”

ቲቸር ግን አልተዋጠላትም። “የአሳማ ጉልበት ነው” ትላለች። “አሁን መሬት መጫር ትጀምሪያለሽ።” ላንቴ ገጠር የሚያርሰው የባሌ ዘመድ ደግሞ ስኳር ድንቹን የዱር አሳማ እየጫረ የጨረሰበት ሰው ነው። ወሬውን ሰምቶ ደወለልኝ። “አንቺ የምትገዢው አሳማ እኔ ጋ በየማታው በነፃ ይመጣል። እኔ የምከፍለው ለማባረር ነው። አንገቱን ልላክልሽ?” ልጄ ስልኩን ነጠቀችኝ፤ ላክልኝ ልል እንደነበር ገብቷታል።

ብልቃጡ ግን እንደ ላም አይደለም፣ አይወልድም። ስነቀንቀው ድምፁ እየሳሳ መጣ። ልጄ ወደ ውጭ ደወለች። ያቺ የአማቼ እህት ማዘን አዘነች፤ እዚያም ዋጋው ወጥቷል አለች፣ ሰዉ እያማረረ ነው፣ እሷ ራሷ አንዳንድ ቀን አንዱን ለሁለት ከፍላ ነው የምትውጠው። ከዚያ የሚያመጣ ሰው መገኘት አለበት፤ ብሩም በእነሱ ብር ነው። ልጄ ዋጋውን በብር ስትነግረኝ አልገባኝም። በሙዝ ስመነዝረው ገባኝ። የጓሯችን ሙዝ በጋ ከክረምት ተሸጦ የብልቃጡን ክዳን ይገዛ እንደሆነ ነው። ብልቃጡ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው።

ልጄ ዝም አለች። የልጄን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ከአባቷ የወረሰችው ነው፣ ውስጡ ሁልጊዜ አንድ የተወሰነ ነገር አለ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጧት ከደጅ ስመለስ ጓሮ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው አገኘሁ። የላማችንን ወገብ እንደ ሶፋ ይጫናል፤ ጡቷን ሳይሆን ሽንጧን ነው የሚያየው። የከብት ደላላ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

“ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?”

“መስቀል እየደረሰ አይደል እማማ። ዋጋ አሁን ነው። ለሥጋ ጥሩ ትወጣለች።”

ይህችን ላም ልጄ ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጇ ያሳደገቻት ናት። የልጅ ልጆቼ የሚጠጡት የእሷን ወተት ነው፤ የተረፈውን ሦስት ቤት ይወስዳል። ሀይታ ቱኬያችን የሚነጣው በእሷ ነው። ልጄ ከውስጥ ወጣች፤ እኔን ስታይ ቆመች።

“ላም አርደሽ አሳማ ልትገዢ ነው?” አልኳት።

“እማ፣ ሰው ፊት አትጀምሪ።”

“ሰው አይደለም፣ ደላላ ነው።”

ደላላው ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

“ታዲያ ምን ላድርግ?” አለች። “በቡልኮ ተጠቅልለሽ ደጅ ላይ ስትቀሪ ልይሽ? አጎቴ ሲደውል ‘እግሯ እምቢ አለ’ እያልኩ ልዋሽ? ላም ሌላ ትገዛለች። አንቺ ሌላ ከየት ትመጫለሽ?”

ቀልዴ ሁሉ አለቀብኝ። ደላላው ራሱ እጁን ከላሟ ላይ አነሳ። በመጨረሻ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ “መስቀል እስኪቀርብ አትሽጫት። ብልቃጡ ውስጥ ጥቂት ቀርቶኛል።” ደላላው ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሮን ሄደ። ላሟ ሣሯን ታኝካለች፤ ወሬው ስለ እሷ መሆኑን እንኳ አላወቀች።

ከሰዓት ቲቸር ጋ ሄጄ ማንጎው ስር ተቀመጥኩ። ነገርኳት። እንደ ልማዷ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ነጠላዋን አስተካከለች።

“ያንን ርካሹን ኪኒን እኔም እውጠዋለሁ” አለችኝ።

“ምን?”

“ስንት ዓመቴ። እዚሁ አንገቴ ላይ ነው፣ አልወጣም እንጂ ሥራ አቁሟል አሉኝ።”

“አንቺ ሴትዮ! ይህን ሁሉ ጊዜ ስታሾፊብኝ?”

“አንቺ አንገትሽን ታርደሽ ስትመጪ አየሁ። ምን ብዬ ልንገርሽ?”

እግሯን አየሁት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፤ ግን በየበዓሉ ሴቻ ድረስ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ታድራለች።

“ታዲያ አንቺን እንዴት ሠራልሽ፣ እኔን እንዴት ገደለኝ?”

ቲቸር ይህችን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ እንደኖረች ፊቷ በራ። “በጠበል ነዋ!” አለች። “ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፣ ምንም አልቀምስም፣ አማትቤ በጠበል እውጣለሁ። ከዚያ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ጸሎቴ ረጅም ነው፣ እንደ እናንተ ጩኸት አይደለም። ቁርስ የማስበው ፀሐይ ስትወጣ ነው።”

ለአንዲት ጴንጤ ይህ ከባድ ፈተና ነው። በአንድ በኩል አሳማ፣ በሌላ በኩል ጠበል፣ መሀል ላይ ላሟ። በማግስቱ ልጄን “ሐኪም ጋ ውሰጂኝ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ” አልኳት።

አሁን ያለችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ የአገራችን ልጅ። ቁጭ እንዳልኩ ጠየቅኳት፦ “ልጄ፣ አሳማ ይሻላል ወይስ ጠበል?”

ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፤ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አለች፣ ነገርኳት። ብልቃጡን አየች፣ መለሰችልኝ።

“ይሄ ይስማማናል የሚሉ ሰዎች አሉ። እዚህ ግን አናገኘውም፤ ዋጋውንም አይተውታል። እስቲ ስለ በፊቱ ይንገሩኝ። ያንን ኪኒን በምን ነበር የሚወስዱት?”

“በአፌ ነዋ።”

“ከምን ጋር ማለቴ ነው እማማ።”

“በሀይታ ቱኬ። በመጀመሪያው ፉት።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ወተት ያለው?”

“ያለ ወተት ምን ዋጋ አለው?”

አሁን ሳቀች። ሳቋ የንቀት አልነበረም። “የእኔም እናት ቤት ያለ ወተት አይፈላም” አለች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ያቺ ኪኒን ባዶ ሆድ ትፈልጋለች። ቡናውና ወተቱ ሆድ ውስጥ ይይዟታል፣ ወደ ደም አያሳልፏትም። የአማቼ እህት “በውሃ ብቻ” ያለችኝ ለዚህ ነበር። ቲቸርም ሳታውቀው የምታደርገው ይህንኑ ነው። መጠኑን የጨመሩልኝም ሰዎች አልተሳሳቱም፤ መዋጤን ነግሬያቸዋለሁ፣ በምን እንደምውጣት ግን ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ሰው በምን አየር እንደሚተነፍስ ይናገራል እንዴ?

“እርስዎ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ መድኃኒት አልሠራም ሊሉት አይችሉም” አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አሰብኩ። ያን ሁሉ ዘመን ኪኒኔን ለሀይታ ቱኬ ስቀልብ ኖሬያለሁ። ሀይታ ቱኬው ጤነኛ ነበር፣ ብርድ የሚባል አያውቅም። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ነጋዴ ነበርኩ፤ አንድ ነጠላ በርካሽ ስል ማንም የማይነካውን፣ ዋጋውን ከፍ ሳደርገው እጃቸውን ጠርገው ሲዳብሱት ስንቴ አይቻለሁ! በሰው ስስቅበት በነበረው ነገር ራሴ ተያዝኩ። ውዱን ብርጭቆ አጥቤ፣ እጄን አጣምሬ አከበርኩት፤ ርካሿን በሚጥሚጣ ሰደድኳት። ያነሳኝ አሳማው ይሁን አክብሮቱ፣ መቼም የሚያውቀው የለም። አሳማው ራሱ ባይጠየቅ ይሻላል።

ሐኪሟ አዲስ መጠን አዘዘችልኝ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ደም ተሰጥቶ ይታያል አለች። የአሳማው ብልቃጥ አለቀ፤ ወደ ርካሿ ተመለስኩ፣ በአሳማው ወግ። ሰው ሳይነሳ፣ በታጠበ ብርጭቆ፣ በንጹሕ ውሃ። ቀልዱ ቀርቶ ፈርቼ ነበር። በየጧቱ ልጄ መጥታ እጄን ትይዛለች፤ ሰላም የምትለኝ ትመስላለች፣ ግን ሙቀቴን ነው የምትለካው። የላሟንም ጆሮ እንዲሁ ትነካለች። ሁለታችንም ዝም ብለን እንነካላታለን። ቡልኮው ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ይጠብቀኛል፤ እኔም በዓይኔ እጠብቀዋለሁ። አንድ ዝናባማ ጧት ትንሽ ቀዘቀዘኝና ልቤ ወረደ። ቲቸርን ስጠይቃት “ሁላችንም በርዶናል፣ ዝናብ ነው፣ አታካብጂ” አለችኝ። እንደዚያን ቀን ስድቧ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ደሜ ተወሰደ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ “በዚሁ ይቀጥሉ” አለችኝ። ልጄ ግን ከሆስፒታሉ በር ወጥተን መንገድ ስናቋርጥ መሀል አስፋልት ላይ ቆማ አለቀሰች፤ የባጃጁ ጥሩምባ ነው ያስኬደን።

ደላላው እንደ ቃሉ መጣ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ ከኩልፎ መመለሴ ነበር፣ ጫማዬ ጭቃ ነው።

“ላሟስ እማማ?”

“ላሟ ሐሳቧን ለወጠች።”

“ጥሩ ዋጋ አለኝ።”

“ሂድ ልጄ። አሳማ ካገኘህ ግን ሰላም በልልኝ።”

ከበስተጀርባዬ ልጄ ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያም ባልዲውን አንስታ ላሟ ጋ ሄደች፤ የምታልብበት ሰዓት አልነበረም፣ ዝም ብላ አጠገቧ መቆም ፈልጋ ነው።

ለመስቀል ዶርዜ ልወጣ ስነሳ ቲቸር በትንሽ ላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች። “ለመንገድ ነው። ኪኒንሽን በምን ልትውጪያት ነው?”

“በውሃ።”

“ይሄም ውሃ ነው። ፈርተሽ ከሆነ ሳትማተቢ ጠጪው።”

ተቀበልኳት። ኪኒኖቼን ከካኪው ወረቀት አውጥቼ በአሳማው ብልቃጥ ውስጥ ስጨምር ዓይኗ እሱ ላይ ቀረ። ጥሩ ብልቃጥ ነው፣ እርጥበት አያስገባም።

“እንደሱ ያለ ብልቃጥ ሌላ አለ?” አለች ቀስ ብላ። “የእኔ ኪኒኖች ወረቀቱ ውስጥ ይረጥቡብኛል።”

“የአሳማ ነው እኮ።”

“በምን አጥበሽው ነበር?”

“በሳሙና።”

“እኔ ብሆን በጠበል አጥበዋለሁ፣ ያልቅለታል” አለች። ስመለስ እሰጣታለሁ ብያለሁ።

መኪናው ቀርከሃው ጥቅጥቅ ያለበት ጋ ሲደርስ አውርዱኝ አልኩ። ረዳቱ “ገና ነው እማማ” ይለኛል። “ለእግሬ ደርሷል” አልኩት። የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ፤ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ቁጭ አልኩ፣ እሱንም የማውቃት ሴት ስለጠራችኝ ነው። ጉሙ ወርዷል፣ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። እኔ ላቤ ፈስሶ ጋቢዬን አውልቄ በክንዴ ይዤ ነበር። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነው የጠበቀኝ። አቀፈኝ፣ ከዚያ ክንዴን ነካ።

“አይበርድሽም?”

“ይበርዳል እንዴ?” አልኩት። ዞር ብሎ አፍንጫውን ጠረገ።

በማግስቱ ጧት ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን ሞላው። ሀይታ ቱኬው ፈላ። ወንድሜ እንደ ደንቡ የመጀመሪያውን ቅል ለእንግዳ ብሎ ወደ እኔ ዘረጋ። እኔ ኪኒኗን ገና አሁን ነው የዋጥኳት፤ ማታ ስንጫወት አምሽተን አርፍጄ ተነሳሁ። የታላቅን ቅል አልቀበልም ማለት በእኛ አገር እርቅ የሚያስፈልገው ጥፋት ነው። ሰዉ ሁሉ አየኝ።

“ቆይ” አልኩት። “ከእኔ በፊት የገባች እንግዳ አለች። እሷ ቦታዋን ትያዝ።”

“የት ነው ያለችው?”

ሆዴን አሳየሁት።

ወንድሜ ቅሉን በሁለት እጁ እንደያዘ ቁጭ አለ። እንግዳ ሳይጠጣ ሌላ ሰው አይጠጣም፤ ስለዚህ ቤቱ ሙሉ ሽማግሌ ምስር ለምታህል ኪኒን ብሎ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ሀይታ ቱኬው ቀዘቀዘ፣ እንደገና ተሞቀ። አንዱ ሽማግሌ ከማዕዘኑ “ይህች እንግዳ በስንት ነው የምትሸጠው?” አለ።

“ርካሽ ናት” አልኩት።

“አይመስልም” አለ ሽማግሌው።